የቤት ኤሌክትሪክ ታሪፍና የኃይል ምንጭ በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን

በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን የሚኖር የኤሌክትሪክ ደንበኛ የሚከፍለው ታሪፍ፣ ማለትም ለፍጆታ መለኪያው ለኪሎዋት ሰዓት የተተመነው ዋጋ፣ በዞኑ ወይም በአማራ ክልል የሚወሰን ሳይሆን በፌዴራል መንግሥት ጸድቆ ብሔራዊው መረብ በደረሰበት ሁሉ በአንድ ዓይነት የሚሠራበት ነው። አንድ ኪሎዋት ሰዓት አንድ ሺህ ዋት የሚስብ ዕቃ ለአንድ ሰዓት ሲሠራ የሚፈጀው ኃይል ሲሆን፣ የእንጅባራ ወይም የዳንግላ ነዋሪ ለዚህ መጠን የሚጠየቀው ሒሳብ እኩል ከፈጀው የአዲስ አበባ ነዋሪ በሳንቲም አይለይም። በአሜሪካ ገጠር ከ1935 እ.ኤ.አ. በኋላ በመንግሥት ብድር የተስፋፉት የኤሌክትሪክ ኅብረት ሥራ ማኅበራት እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ዋጋ ስለሚያወጡ አጎራባች አውራጃዎች የተለያየ ሒሳብ ሊከፍሉ ይችላሉ፤ በኢትዮጵያ ግን አንዱን ቤት ከሌላው የሚለየው የዋጋ ሰሌዳው ሳይሆን መስመሩ መድረሱ፣ የደረሰው መስመር ብርታትና ቤቱ የራሱ ቆጣሪ ያለው መሆኑ ነው።

ዞኑ ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው ዋና መንገድ ግራና ቀኝ የተዘረጋ ሲሆን፣ ዋና ከተማው እንጅባራ፣ ሌሎቹ የታወቁ ከተሞቹ ደግሞ ዳንግላ፣ ቻግኒ፣ አዲስ ቅዳምና ቲሊሊ ናቸው። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የሕዝቡ ብዛት ወደ 983 ሺህ ይጠጋ የነበረ ሲሆን፣ በከተማ ይኖር የነበረው ከስምንት ሰው አንዱ ያህል ብቻ ነው። ደጋማው ምሥራቅ ዝናብ የማያጣውና ቤቶቹ በየማሳው ተበታትነው የተሠሩበት፣ ምዕራባዊው የጃዊ ወረዳ ደግሞ ቆላማና ሰፊ በመሆኑ፣ መስመር ዝርጋታ በሁለቱም በኩል ውድ ነው፤ በደጋው ለጥቂት አባወራ ብዙ ምሰሶ መትከልን፣ በቆላው ረጅም ርቀት ማቋረጥን ይጠይቃል።

የኃይል ምንጮች

ዞኑ ኃይል የሚያገኘው ከብሔራዊው መረብ ነው። ይህ መረብ የአገሪቱን ማመንጫዎች በከፍተኛ ቮልቴጅ መስመሮች እርስ በርስ ያገናኘ በመሆኑ፣ እንጅባራ ላይ የበራ አምፖል ኃይሉን ከየትኛው ግድብ እንደወሰደ ለይቶ መናገር አይቻልም። ቢሆንም ለአካባቢው የሚቀርቡት ማመንጫዎች በዓባይ ተፋሰስ ላይ የተሠሩት ናቸው። ከእነዚህ ቀዳሚው ከባሕር ዳር በታች ባለው ፏፏቴ የተሠራውና በ1956 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የጢስ ዓባይ ማመንጫ ሲሆን፣ አቅሙ 11 ሜጋዋት ገደማ ነበር። ሁለተኛው የጢስ ዓባይ ማመንጫ፣ 70 ሜጋዋት የሚያልፍ አቅም ይዞ፣ በ1993 ዓ.ም. ተጨመረበት፤ የጣና ሐይቅን መውጫ የሚቆጣጠረው የጨረጨራ ግድብም ለሁለቱ ውኃ እንዲመጥን ተሠርቶ ነበር።

የአካባቢውን የኃይል ገጽታ የለወጠው በግንቦት 2002 ዓ.ም. የተመረቀው የጣና በለስ ማመንጫ ነው። 460 ሜጋዋት አቅም ያለው ይህ ማመንጫ ትልቅ ግድብ የለውም፤ የጣናን ውኃ ከሐይቁ ምዕራባዊ ዳርቻ ወስዶ 12 ኪሎሜትር ያህል ርዝመት ባለው የመሬት ውስጥ ዋሻ ካሳለፈ በኋላ፣ በሐይቁና በበለስ ሸለቆ መካከል ያለውን ከ300 ሜትር የሚበልጥ የከፍታ ልዩነት ተጠቅሞ በከርሰ ምድር የተተከሉ አራት ተርባይኖችን ያሽከረክርበታል። ከተርባይኖቹ የወጣው ውኃ ወደ በለስ ወንዝ ይገባና በጃዊ ወረዳ በኩል ይወርዳል፤ ለጣና በለስ የስኳር ልማት የመስኖ እርሻ መሠረት የሆነውም ይኸው ውኃ ነው። ይህ ጥቅም ግን ዋጋ አስከፍሏል፦ በዓባይ ወርዶ ጢስ ዓባይን ያሽከረክር የነበረው ውኃ አብዛኛው ወደ በለስ ስለዞረ፣ ሁለቱ የፏፏቴው ማመንጫዎች ከዚያ ወዲህ በመጠባበቂያነት ቀርተዋል፤ የፏፏቴው ግርማም አብሮ ቀንሷል።

ከዚያ በኋላ የመጣው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ የሚገኘው ከዞኑ ውጭ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል በጉባ ወረዳ ሲሆን፣ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ ተቀምጦ የመጀመሪያው ተርባይን በየካቲት 2014 ዓ.ም. ኃይል ማመንጨት ጀመረ፤ ምረቃው ደግሞ በጳጉሜ 2017 ዓ.ም. ተከናወነ። ወደ ግድቡ ከሚያደርሱት መንገዶች አንዱ ከእንጅባራ ተነሥቶ በቻግኒ በኩል የሚያልፈው ነው። ሙሉ አቅሙ 5,150 ሜጋዋት ሲሆን፣ ከሚያመነጨው ኃይል ከፊሉ በ400 ኪሎቮልት መስመር ወደ በለስ ይደርሳል። እንዲህ ያለ መስመር ግን በሚያልፍበት መንደር ላይ መብራት አያኖርም፤ ቮልቴጁ በማከፋፈያ ጣቢያ ወደ 33 ወይም 15 ኪሎቮልት፣ ከዚያም በየሰፈሩ ትራንስፎርመር ወደ 380 እና 220 ቮልት መውረድ ስላለበት፣ ከትልቅ ማመንጫ አጠገብ መኖርና መብራት ማግኘት በዚህ አካባቢ የማይገናኙበት ጊዜ ብዙ ነው።

በዚህ ረገድ የዳንግላ ታሪክ ሊጠቀስ የሚገባው አንድ ገጽ አለው። እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ሮበርት ቺዝማን መቀመጫው ዳንግላ ነበረ፤ ከዚያ እየተነሣም የጣናንና የዓባይን አካባቢ አጥንቷል። በዚያው ዘመን ጄ. ጂ. ኋይት የተባለው የኒው ዮርክ የምህንድስና ኩባንያ በጣና መውጫ ላይ ግድብ ለመሥራት ጥናት አካሂዶ ነበር። የዚያ ዘመን ፍላጎት በዋናነት ለሱዳንና ለግብፅ መስኖ ውኃ ማጠራቀም ስለነበረ፣ ለዳንግላ ቤቶች መብራት ማምጣት የውይይቱ አካል አልነበረም።

የታሪፍ አወጣጥ

በአገሪቱ የኤሌክትሪክ አገልግሎት የሚሰጠው ተቋም ስሙና ቅርጹ ብዙ ጊዜ ተለውጧል። በ1948 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ መብራት ኃይል ባለሥልጣን በ1989 ዓ.ም. ወደ ኮርፖሬሽን የተለወጠ ሲሆን፣ በ2006 ዓ.ም. ደግሞ ኃይል የሚያመነጨውና በከፍተኛ ቮልቴጅ የሚያስተላልፈው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል፣ ለደንበኛ የሚያከፋፍለውና ሒሳብ የሚሰበስበው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ተብሎ ለሁለት ተከፈለ፤ ሕዝቡ ግን እስካሁን «መብራት ኃይል» ማለቱን አልተወም። የብሔራዊው መረብ ታሪፍ የኃይል ዘርፉን በሚቆጣጠረው ባለሥልጣን ተገምግሞ በመንግሥት ይጸድቃል።

የቤት ታሪፉ በእርከን የተከፋፈለ ነው፤ ይኸውም ፍጆታው በጨመረ ቁጥር የኪሎዋት ሰዓቱ ዋጋ አብሮ ይጨምራል ማለት ነው። በ1998 ዓ.ም. በወጣው ሰሌዳ እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ያለው ዝቅተኛው እርከን 27.3 ሳንቲም፣ ከ500 በላይ ያለው ከፍተኛው ደግሞ 69 ሳንቲም ገደማ ነበር። ይህ ዋጋ ከአሥር ዓመት በላይ ሳይነካ ቆይቶ፣ በ2011 ዓ.ም. በአራት ዓመት ውስጥ ደረጃ በደረጃ የሚጨምር አዲስ ሰሌዳ ወጣ። ጭማሪው ሲጠናቀቅ ከ51 እስከ 100 ያለው እርከን 76.7 ሳንቲም፣ ከ101 እስከ 200 ያለው 1 ብር ከ62.5 ሳንቲም፣ ከ500 በላይ ያለው ደግሞ 2 ብር ከ48 ሳንቲም ደረሰ፤ ዝቅተኛው እርከን ግን በነበረበት 27.3 ሳንቲም ቀረ። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ሥራ ላይ የዋለው ሦስተኛው ሰሌዳ ይህንንም እርከን ነክቶ፣ ጭማሪው ለአራት ዓመት በየሦስት ወሩ እንዲታሰብ አደረገ።

ዝቅተኛው እርከን ለአሥራ ስምንት ዓመት አለመለወጡ ለድሃው ቤተሰብ የተደረገ ድጎማ ቢሆንም፣ በብር ያልተለወጠው ዋጋ በውጭ ምንዛሪ ሲሰላ እጅግ ረክሷል፤ በ1998 ዓ.ም. ወደ ሦስት የአሜሪካ ሳንቲም ይጠጋ የነበረው በ2011 ዓ.ም. ከአንድ ሳንቲም በታች ወርዷል። ትራንስፎርመሩ፣ ቆጣሪውና አብዛኛው የመስመር ዕቃ የሚገዛው በውጭ ምንዛሪ ስለሆነ፣ ከገጠር የሚሰበሰበው ሒሳብ የገጠሩን መስመር ለመጠገን እንኳ ሊበቃ አይችልም። በዚህ ምክንያት ድጎማው የደንበኛውን ወጪ ቢያቀልም፣ ወጪው የቀለለለትን ደንበኛ ያረጀ ትራንስፎርመር ሥር አስቀርቶታል ማለት ያስኬዳል።

ምጣድ፣ የጋራ ቆጣሪና የመስመር ርቀት

የእርከኑ ትርጉም በቤት ውስጥ ጎልቶ የሚታየው በእንጀራ ምጣድ ላይ ነው። አሥር አሥር ዋት የሚስቡ አምስት አምፖሎች በየቀኑ ለአምስት ሰዓት ቢበሩ በወር 7.5 ኪሎዋት ሰዓት ብቻ ይፈጃሉ፤ 60 ዋት የሚስብ ቴሌቪዥን በቀን አራት ሰዓት ቢከፈት ወደ 7 ይጠጋል። 3.5 ኪሎዋት የሚስብ ምጣድ ግን በወር ስምንት ጊዜ፣ በየጊዜው ለአንድ ሰዓት ተኩል ቢጣድ፣ ብቻውን 42 ኪሎዋት ሰዓት ይወስዳል። እንግዲህ መብራትና ቴሌቪዥን ብቻ ያለው ቤት ከዝቅተኛው እርከን ሲሶውን እንኳ ሳይሞላ፣ ምጣድ የጨመረው ቤት ከ50 ዘልሎ ወደ ሁለተኛው እርከን ይገባል።

የራሱ ቆጣሪ የሌለው ቤተሰብ ሁኔታ ከዚህ ይከፋል። ቆጣሪ ለማስገባት የሚጠየቀው ክፍያ፣ የገመዱ ዋጋና የሚፈጀው ጊዜ ብዙዎችን ከጎረቤት ቆጣሪ መስመር እንዲስቡ ያስገድዳል። እያንዳንዳቸው በወር 30 ኪሎዋት ሰዓት የሚፈጁ አራት ቤተሰቦች በየራሳቸው ቆጣሪ ቢለኩ ሁሉም በዝቅተኛው እርከን ይቀሩ ነበር፤ በአንድ ቆጣሪ ሲቆጠሩ ግን ድምሩ 120 ሆኖ ወደ ሦስተኛው እርከን ይወጣል። ለድሃ ታስቦ የተሠራው እርከን ከሁሉ የባሰ ድሃውን፣ ማለትም ቆጣሪ ማስገባት ያልቻለውን፣ በዚህ መንገድ ያልፈዋል። ቆጣሪውን በስሙ ያስገባው ሰውም እንደ አምፖሉና እንደ ሶኬቱ ቁጥር ሒሳብ ስለሚያካፍል፣ ጎረቤቱ ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት ስንት እንደከፈለ በውል አያውቅም።

ሦስተኛው ጉዳይ ርቀት ነው። በዝቅተኛ ቮልቴጅ የሚሄድ ገመድ ከትራንስፎርመሩ በራቀ መጠን ቮልቴጁ እየወረደ ይሄዳል፤ ምሽት ሁሉም አብርቶ ምጣድ ሲጣድ ደግሞ ይብስበታል። የምጣድ ሙቀት የሚወርደው በቮልቴጁ ልክ ሳይሆን በቮልቴጁ ካሬ ልክ ስለሆነ፣ 220 ወደ 180 ቮልት ቢወርድ ምጣዱ የሚሰጠው ኃይል ሁለት ሦስተኛ ያህል ብቻ ነው። በዚህ ጊዜ እንጀራው ዓይን ሳያወጣ ይቀራል፣ ጋገራው ይረዝማል፤ በረዘመው ጊዜ ምጣዱ ሙቀቱን ለአየር ስለሚያባክን በቂ ቮልቴጅ ካለው ቤት ይበልጥ ሊያስከፍል ይችላል።

ከኤሌክትሪክ ውጭ ያለው ማገዶና ከመረብ ውጭ ያለው ቤት

በእነዚህ ምክንያቶች መብራት የገባላቸው ቤቶችም ምግብ ማብሰያቸው እንጨትና ከሰል ሆኖ ይቀራል። ዞኑ በከሰል ረገድ ተጠቃሚ ብቻ ሳይሆን ለአዲስ አበባ ጭምር የሚያቀርብ አምራች ነው። በተለይ በፋግታ ለኮማ ወረዳ ገበሬው ዲከረንስ የተባለውን የግራር ዝርያ በመጀመሪያው ዓመት ከጤፍ ጋር አዳብሎ ይተክልና ከአራት እስከ አምስት ዓመት ሲሞላው ቆርጦ ያከስለዋል፤ ከዚያ ያንኑ ማሳ አርሶ ዙሩን እንደገና ይጀምራል። በቅርብ ጊዜ በዛፉ ላይ የገባው የዋግ በሽታ ብዙ ማሳ ስላጠፋ፣ ይህ የገቢና የማገዶ ምንጭም እንደ በፊቱ አስተማማኝ አይደለም።

መረቡ ላልደረሰባቸው ቀበሌዎች በ2010 ዓ.ም. ይፋ የሆነውና በ2011 ዓ.ም. የተሻሻለው ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ተደራሽነት ፕሮግራም፣ እ.ኤ.አ. እስከ 2025 የአገሪቱን ቤቶች 65 በመቶ በመረብ፣ 35 በመቶ ደግሞ በፀሐይ ኃይልና በመሰል መንገዶች ለማዳረስ አቅዶ ነበር። ከመረብ ውጭ ኃይል አመንጭቶ የሚሸጥ ድርጅት ታሪፉን ለብቻው አቅርቦ በተቆጣጣሪው ባለሥልጣን ያጸድቃል እንጂ በብሔራዊው ሰሌዳ አይመራም፤ የፀሐይ ፋኖስ የሚገዛ ቤተሰብም ዋጋውን በአንድ ጊዜ ወይም በብድር ይከፍላል። ስለዚህ በእንጅባራና በአዲስ አበባ መካከል እኩል የሆነው ዋጋ በእንጅባራና ከመስመር በራቀ የጃዊ ቀበሌ መካከል እኩል አይደለም።