ሽቦና ሸክላ፦ የኤሌክትሪክ ምጣድ ለምን አንድ ጎኑን ያሳርራል?

የኤሌክትሪክ ምጣድ ያለበት ቤት ሁሉ የሚያውቀው ችግር አለ። እንጀራው በአንድ በኩል አርሮ፣ በሌላው በኩል ደግሞ ዓይን ሳያወጣ ሊጥ እንደሆነ ይቀራል። ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የሚላከከው በሽቦው ላይ ነው፤ «ርካሽ ሽቦ ነው የገባበት» ይባላል። ይህ ፍርድ የቸኮለ ይመስለኛል። የምጣዱን አመጣጥ ተከትሎ የሄደ ሰው፣ ችግሩ የሚፈጠረው በአብዛኛው ሁለት የተለያዩ ሙያዎች በተጋጠሙበት ቦታ እንደሆነ ይረዳል፤ አንደኛው የሸክላ ሠሪዋ፣ ሌላኛው የሽቦ ጠምዛዡ ሙያ ነው።

ከሽቦው እንጀምር። ከ20ኛው ክፍለ ዘመን በፊት ኤሌክትሪክን ወደ ሙቀት ለመለወጥ የተሞከሩት ሽቦዎች ወይ እንደ ፕላቲነም እጅግ ውድ ነበሩ፣ ወይ እንደ ብረት ቀልተው ሲቆዩ በአየሩ ተበልተው ይበጠሱ ነበር። አሜሪካዊው አልበርት ማርሽ እ.ኤ.አ. በ1906 የባለቤትነት መብት ያገኘበት የኒኬልና የክሮሚየም ቅይጥ ይህን ለወጠው። ኒክሮም የሚባለው ይህ ሽቦ በተለመደው አሠራሩ 80 በመቶ ኒኬል፣ 20 በመቶ ክሮሚየም ነው። ሲግል ላዩ ላይ ስስ የክሮሚየም ኦክሳይድ ቆዳ ያበቅልና ውስጡን ከአየር ይጠብቃል። ለእኛ ጉዳይ የበለጠ የሚጠቅመው ሌላው ጠባዩ ነው፤ ቢግልም ለኤሌክትሪክ ያለው ተቃውሞ ብዙም አይጨምርም። የብረት ሽቦ ግን አንድ ቦታ ላይ ሲግል እዚያው ቦታ ተቃውሞው ይጨምራል፣ ተቃውሞው ሲጨምር ደግሞ ያ ቦታ ይበልጥ ይግላል፤ ችግሩ ራሱን እየመገበ ይሄዳል። ስለዚህ ኒክሮም በተፈጥሮው ሙቀት አንድ ቦታ እንዳይከማች የሚያግዝ ሽቦ ነው። «ሽቦው ነው ያበላሸው» ከማለት በፊት ይህን ማስታወስ ተገቢ ነው።

ኤሌክትሪክ ወደ ኢትዮጵያ የገባው ምጣድን አስቦ አልነበረም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት የበራው መብራት ነበር፤ ሕዝቡም ኤሌክትሪክ አቅራቢውን ድርጅት እስከ ዛሬ «መብራት ኃይል» እያለ ይጠራል። ከጣሊያን በተገኘ የጦር ካሣ አዋሽ ላይ የተሠራው የቆቃ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1960 ሥራ ሲጀምር የማመንጨት አቅሙ 43 ሜጋዋት ገደማ ነበር። ዛሬ የምናውቀው ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይወስዳል ብንል፣ ያ ግድብ በሙሉ ኃይሉ ሊያግል የሚችለው 12 ሺህ ምጣድ አካባቢ ብቻ ነው። ምጣድ ምን ያህል ኃይል በሊታ እንደሆነ ከዚህ ይታያል። ኃይሉን ወደ እንጀራ የለወጡት ግን ከኢንጂነሮቹ ይልቅ የእጅ ባለሙያዎች ናቸው። እንደ ቀጨኔ ባሉ ሰፈሮች ሸክላ ሠሪ ሴቶች ከትውልድ ወደ ትውልድ ተቀባብለው ያቆዩት ሙያ ነበር፤ ማኅበረሰቡ «ቡዳ» እያለ ሲያርቃቸው ከእጃቸው የወጣውን ምጣድ ግን አላራቀም። የኤሌክትሪኩ ምጣድ የእነሱን ሸክላ እንዳለ ወሰደ። ከሥሩ እየዞረ ወደ መሀል የሚገባ ቦይ ተቀረጸለት፣ የተጠመጠመ ሽቦ በቦዩ ተኛ፣ ከታች በጀሶና በመሳሰለው ተደፈነ፣ ቆርቆሮ ለበሰ።

ችግሩ የሚጀምረው በዚያ ቦይ ውስጥ ነው። በአንድ መስመር የተዘረጋ ሽቦ ከዳር እስከ ዳር የሚያሳልፈው ኤሌክትሪክ እኩል ነው፤ ልዩነት የሚመጣው ሙቀቱ በሚወጣበት መንገድ ነው። ጥምዙ እኩል ካልተሳበ፣ በተጠጋጋበት ቦታ ብዙ ሽቦ በትንሽ ቦይ ይታጨቅና ከላዩ ያለው እንጀራ ያርራል። ሽቦው ከቦዩ ተነሥቶ ሸክላውን ሳይነካ ሲቀር ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ ሙቀቱን የሚያቀብለው ስለሚያጣ ሽቦው ራሱ ከሁሉ ይልቅ ይቀላል፣ ከላይ ያለው ሸክላ ግን ይቀዘቅዛል። ሊጥ ሆኖ የቀረው ጎን ሥር፣ ሊበጠስ የተቃረበ ሽቦ ሊኖር ይችላል ማለት ነው። ከኒክሮም ወይም ካንታል ከሚባለው የስዊድን ሽቦ በእጅ ጥምዝ ለሚሠሩ የቬፕ (የኤሌክትሪክ ሲጋራ) ተጠቃሚዎችም ሕመሙ ይኸው ነው፦ ያልተስተካከለ ክፍተት፣ የላላ ብሎን፣ ጥጡን ያልነካ ሽቦ። በጥገና ጊዜ የሚፈጠረው ስሕተት ከሁሉ የከፋ ነው። ሽቦው ሲበጠስ ጫፍና ጫፉን አጠማዝዞ መቀጠል የተለመደ ነው። ከርዝመቱ አንድ አሥረኛው ቢጠፋ 3,500 ዋት የነበረው ወደ 3,900 ይጠጋል፤ በእያንዳንዱ ስንዝር ሽቦ ላይ ያለው ሙቀትም ሩብ ያህል ይጨምራል። የቀጠሉበት ቋጠሮ ራሱ ደግሞ አዲስ የግለት ነጥብ ይሆናል።

«ታዲያ በእጅ የሚሠራውን ትተን ለምን ፋብሪካ አይሠራውም?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። ጥያቄው ትክክል ነው፣ መልሱም ከፊሉ ተገኝቷል። በአሜሪካ ያሉ ብዙ ኢትዮጵያውያን ለኖርዌይ ቂጣ ለሌፍሰ በተሠራው የኤሌክትሪክ መጋገሪያ እንጀራ ይጋግራሉ፤ ሙቀቱ በአሉሚኒየም ሰሌዳው ላይ እኩል ይዳረሳል። ስፋቱ ግን 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ የአገር ቤቱ ምጣድ ወደ 60 ይጠጋል። ሸክላው ትንንሽ የክፍተት ስሕተቶችን በውፍረቱ ሲሸፍን ትልልቆቹን አይሸፍንም፤ ብረቱ ሁለቱንም ይሸፍናል፣ ሸክላው ለእንጀራው የሚሰጠውን ጠባይ ግን አይሰጥም የሚሉ ጋጋሪዎች ብዙ ናቸው። ፋብሪካም ቢሆን ሽቦው የተለካለትን ቮልት መለወጥ አይችልም። ለምሳሌ ሳውዲ አረቢያ እ.ኤ.አ. በ2010 ወደ 230 ቮልት ለመዛወር የወሰነችው የቤቶቿ ሶኬት ለረጅም ዘመን 127 ቮልት ስለነበረ ነው፤ ሽግግሩም ለ25 ዓመት የታቀደ ነው። ለ220 የተጠመዘዘ የአዲስ አበባ ምጣድ ሪያድ ውስጥ በአሮጌው ሶኬት ቢሰካ ኃይሉ ወደ ሲሶ፣ ማለትም ወደ 1,170 ዋት ይወርዳል፤ እንጀራ ለመጋገር አይበቃም። ለ127 የተጠመዘዘ ሽቦ በ220 ላይ ቢሰካ ደግሞ ሦስት እጥፍ ኃይል ይወስድና ቶሎ ይበጠሳል። በሁለቱም ቦታ ሽቦውም ጠምዛዡም እንከን የለባቸውም።

ስለዚህ ምጣዳችሁ አንድ ጎኑን ሲያሳርር ሽቦውን ከመውቀስ በፊት ከሶኬቱ ንቀሉት፣ ይቀዝቅዝ፣ ከዚያም በባለሙያ አስከፍታችሁ ጥምዙ በቦዩ ውስጥ እኩል ተኝቶ እንደሆነ እዩ። ሽቦው ከተበጠሰ አታስቀጥሉት፤ በሙሉ ርዝመቱ ይለወጥ።