የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ ፋይሉ ከተዘጋ በኋላ ማን ይደውላል?

የዛሬው ረዘም ስለሚል ቡናችሁን ይዛችሁ ተረጋግታችሁ አንብቡት። ሥራ ላይ ያላችሁ ሹፌሮች ደግሞ እባካችሁ መጀመሪያ መኪናውን አቁሙ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄዬ ይኼ ነው። ሰው ተገደለ እንበል። ገዳዩ ተያዘ፣ ተፈረደበት፣ ፋይሉ ተዘጋ። መርማሪው ፖሊስ ከሟች ቤተሰብ ጋር የነበረው ግንኙነትስ አብሮ ይዘጋል? ብዙዎቻችን «ዳኛ ከፈረደ በኋላ ፖሊስ ከቤተሰቡ ምን አለው?» የምንል ይመስለኛል። እኔ ግን እዚህ ለንደን ውስጥ ከሠላሳ ዓመት በላይ የቆየ አንድ ጉዳይ ስከታተል፣ መልሱ እንዲያ ቀላል እንዳልሆነ አይቻለሁ።

ደቡብ ምሥራቅ ለንደን፣ ኤልተም ውስጥ ዌል ሆል ሮድ የሚባል መንገድ አለ። ሰው ጭኜ ብዙ ጊዜ አልፍበታለሁ። የእግረኛ መንገዱ ላይ አንድ የመታሰቢያ ድንጋይ ተነጥፏል። ኤፕሪል 22 ቀን 1993 ማታ፣ የ18 ዓመቱ ስቲቨን ሎውረንስ ከጓደኛው ከድዌይን ብሩክስ ጋር አውቶቡስ ሲጠብቅ ነጭ ወጣቶች ከበው በጩቤ ወግተው የገደሉት እዚያ አካባቢ ነው። ወላጆቹ ዶሪንና ኔቪል ሎውረንስ ከጃማይካ የመጡ ስደተኞች ናቸው። ልጁ አርክቴክት የመሆን ሕልም ነበረው። እኔም አገር ቤት በሕንፃ መሐንዲስነት የሠራሁ ሰው ስለሆንኩ ይህቺ ነገር ሁሌ ትቆረቁረኛለች።

ግድያው በተፈጸመ ብዙም ሳይቆይ የተጠርጣሪዎች ስም ለፖሊስ መድረስ ጀምሮ ነበር። እስር የተጀመረው ግን ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ሜይ 7 ነው። በዋዜማው ለንደን የነበሩት ኔልሰን ማንዴላ ወላጆቹን አግኝተዋቸው ነበር።

አሁን አንድ ነገር ልብ በሉ። ያኔም ቢሆን ከቤተሰቡ ጋር የሚገናኙ ፖሊሶች ተመድበው ነበር። ቤታቸው ይሄዱ፣ ይደውሉ ነበር። ወላጆቹ ግን ስለ ልጃቸው ጉዳይ የረባ መረጃ አላገኙም። እንዲያውም ቤታቸው ለለቅሶ የሚመጣው ሰው ማን እንደሆነ ይጠየቁ ነበር። እናትየው ሰዎች ሹክ ያሏቸውን የተጠርጣሪዎች ስም በወረቀት ጽፈው ለአንድ ከፍተኛ መኮንን ሰጡ። መኮንኑ ወረቀቱን አጣጥፎ አጣጥፎ ትንሽ እንዳደረገው ኋላ ለአጣሪው ጉባኤ መስክረዋል። እሳቸው እንዳዩት፣ ወረቀቱ ወደ ቆሻሻ ቅርጫት የሚሄድ ነበር የሚመስለው።

ከጥቃቱ የተረፈው ድዌይን ብሩክስም እንዲሁ። ጓደኛው ዓይኑ እያየ የተገደለበት ልጅ ነው፤ ራሱ ተበዳይ ነው። ፖሊሶቹ ግን ያዩት በጥርጣሬ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለውን ባጭሩ ልንገራችሁ። ዐቃቤ ሕግ ክሱን ተወው። ቤተሰቡ በራሱ አቅም ክስ ቢመሠርትም በ1996 ወደቀበት። በ1997 መንግሥት አጣሪ ጉባኤ አቋቋመ፤ በሰር ዊሊያም ማክፈርሰን የሚመራው ይኸው ጉባኤ በፌብሯሪ 1999 ሪፖርቱን አወጣ። በየጋዜጣው የተጻፈው «ተቋማዊ ዘረኝነት» የሚለው ቃል ነው፤ እሱን ሁላችንም እናውቃለን። ያን ያህል ያልተወራለት ግን ከ70ዎቹ ምክረ ሐሳቦች መካከል የተወሰኑት በቀጥታ ስለ ቤተሰብ ግንኙነት መሆናቸው ነው። ለዚህ ሥራ የሠለጠነ፣ በተቻለ መጠን ሌላ ሥራ የማይደረብበት ፖሊስ ይመደብ አሉ።

ዛሬ ፋሚሊ ሊየዘን ኦፊሰር የምንለው፣ በኛ አፍ የቤተሰብ አገናኝ፣ አሁን ያለውን መልክ የያዘው በአብዛኛው ከዚያ ወዲህ ነው። ይህ ሰው የሠለጠነ ፖሊስ ነው። ከቤተሰቡ ጋር የተነጋገረውን ይመዘግባል፣ የምርመራውን ሂደት ያስረዳል፣ ፍርድ ቤት ይዟቸው ይሄዳል። ግን ሁለት ባርኔጣ እንዳለው አትርሱ። ሊያጽናና ብቻ አይመጣም፤ መርማሪ ስለሆነ ከቤተሰቡ መረጃም ይሰበስባል። ይህን ፊት ለፊት ከነገራቸው ችግር የለውም። ከደበቃቸው ግን የ1993ቱ ነገር ይደገማል።

ወደ ስቲቨን እንመለስ። በ2000ዎቹ አጋማሽ ጉዳዩን ክላይቭ ድሪስኮል የሚባል መርማሪ ተረከበው። እስቲ አስቡት፤ ከአሥር ዓመት በላይ በፖሊስ የተጎዱ ወላጆች ፊት ቀርቦ «እኔም ፖሊስ ነኝ» ማለት ምን ያህል ከባድ ነው! የድሮ ልብሶች እንደገና በላቦራቶሪ ተመረመሩ። በአንደኛው ተጠርጣሪ ጃኬት ኮሌታ ላይ ግማሽ ሚሊሜትር በሩብ ሚሊሜትር የምትሆን የደም ጠብታ ተገኘች፤ የስቲቨን ደም ነበረች። እኔ በሥራዬ ሚሊሜትር ስለካ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ግማሽ ሚሊሜትር በእርሳስ ብትነኩት የምትቀር ነጥብ ናት። በአንድ ወንጀል ሁለት ጊዜ አይከሰስም የሚለው የቆየ ሕግም በ2003 በወጣ አዋጅ ለከባድ ወንጀሎች ተሻሽሎ ስለነበር፣ ቀድሞ በነፃ የተለቀቀው ሰው እንደገና ችሎት ቀረበ። ጃንዋሪ 3 ቀን 2012 ጋሪ ዶብሰንና ዴቪድ ኖሪስ ጥፋተኛ ተባሉ። ከ18 ዓመት በላይ ቆይቶ ማለት ነው።

ዳኛው ድሪስኮልን ችሎት ፊት አስቀርበው አመሰገኑት። በዚያው ንግግራቸው ግን ፖሊስ ፋይሉን እንዳይዘጋ አሳሰቡ። ምክንያቱም ገዳዮቹ ሁለት ብቻ አልነበሩም።

አገር ቤት ኮንስትራክሽን የሠራችሁ «ጊዜያዊ ርክክብ» እና «የመጨረሻ ርክክብ» የሚባሉትን ታውቃላችሁ። ሕንፃው አልቆ ሪባን ሲቆረጥ ጊዜያዊ ርክክብ ነው። ከዚያ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓመት ይጠበቃል፤ ክረምት ይዘንብበታል፣ ጣሪያው ያፈሳል፣ ግድግዳው ይሰነጠቃል። ተቋራጩ ተጠርቶ ያንን እስኪጠግን ድረስ የተያዘበት ገንዘብ አይለቀቅለትም። እንደ እኔ እንደ እኔ፣ የፍርድ ቤት ውሳኔ ለተጎዳ ቤተሰብ ጊዜያዊ ርክክብ ነው። ክረምቱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

በሎውረንስ ቤተሰብ ላይ የዘነበውን ቁጠሩልኝ። በማርች 2014 የወጣ የማጣራት ሪፖርት፣ በድብቅ የሚሠሩ ፖሊሶች በቤተሰቡ የፍትሕ ትግል ዙሪያ ይሰልሉ እንደነበር አጋለጠ። በዚያው ዓመት ድሪስኮል ሳይፈልግ ጡረታ ወጣ፤ ዶሪን ሎውረንስም ማዘናቸውን በግልጽ ተናገሩ። በ2020 ፖሊስ አዲስ የምርመራ መስመር የለኝም ብሎ ጉዳዩን አቆመው። በ2023 ቢቢሲ የስድስተኛ ተጠርጣሪ ስም ይፋ አደረገ፤ ሰውዬው ቀድሞ ሞቷል። ፖሊስም በዚያ በኩል ለተሠራው ስህተት ይቅርታ ጠየቀ። በ2025 ደግሞ ኖሪስ ለዓመታት ሲክድ ኖሮ በቦታው እንደነበር ማመኑ ተሰማ፤ ይህም የተሰማው በአመክሮ ለመፈታት ጉዳዩ ሲታይ ነው። እንግዲህ ይህ ሁሉ የመጣው «ተፈረደ፣ አለቀ» ከተባለ በኋላ ነው። ለእያንዳንዱ ቤተሰቡ በቴሌቪዥን ከማየቱ በፊት አንድ ሰው ስልክ መደወል ነበረበት።

እዚህ ላይ ነው ትልቁ ጥያቄ። ድሪስኮል ከጡረታ በኋላም ስለ ጉዳዩ መናገሩን አላቆመም፤ ተመስገን ነው። ግን የአንድ ቤተሰብ እምነት በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ብቻ ከቆመ፣ ያ ሰው ቢሞት፣ ቢታመም፣ ቢዛወርስ? ምሰሶው አንድ ብቻ የሆነ ቤት መሐንዲስ አይፈርምለትም።

አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ ይህን ስሙ። በዚያው በ1993 ዓመት፣ ዲሴምበር ላይ፣ ኬንታኪ ሉዊቪል ውስጥ ሜሪ ባይረን የምትባል ወጣት በ21ኛ ልደቷ ቀን ተገደለች። የገደላት እሷን በማጥቃት ታስሮ የነበረ የቀድሞ ጓደኛዋ ነው። በዋስ ሲወጣ የነገራት አልነበረም። በዓመቱ እዚያው አካባቢ እስረኛ ሲለቀቅ ለተበዳይ በራሱ የሚደውል ቫይን የተባለ የስልክ ሥርዓት ተጀመረ፤ ዛሬ በብዙ ስቴቶች ይሠራል። ማሽን አይጽናናበትም፤ ግን ጡረታ አይወጣም፣ አይረሳም። የሰውም የማሽንም ያስፈልጋል የምለው ለዚህ ነው።

በሌላ በኩል ያለውንም እንስማ። አንዳንድ መርማሪዎች «ከሁሉም ቤተሰብ ጋር ዕድሜ ልክ ከተገናኘሁ ለአዲሱ ቤተሰብ ጊዜ ከየት አመጣለሁ? የኔስ ቤት?» ይላሉ። እውነት አላቸው። ቤተሰቡም በዚያ ሰው ላይ ብቻ ተደግፎ፣ ሲያየው ደግሞ ያን ቀን እያስታወሰ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ እዚህ አገር የአገናኙ ፖሊስ መመሪያ ሥራው እንዴት እንደሚጠናቀቅ አስቀድሞ ይታሰብበት ይላል። ልክ ነው። እኔ መርማሪው ጓደኛ ይሁን፣ ሰርግ ይጠራ እያልኩ አይደለም። የምለው ርክክብ ይኑር ነው፦ «እኔ ልሄድ ነው፤ ከዛሬ ጀምሮ የምትደውሉት ለእከሌ ነው፤ እሷም ታውቃችኋለች» ብሎ ማስተዋወቅ።

ለኛ ለሐበሾች ይህ አዲስ ነገር አይደለም። መርዶ እንዴት እንደሚነገር እናውቃለን። በስልክ አይነገርም። ሽማግሌና የቅርብ ሰው ተሰብስቦ ማልዶ ይሄዳል፤ የሚረዳው ሰው ብቻውን እንዳይሆን ይጠነቀቃል። ነግሮም ውልቅ አይልም። ሠልስት አለ፣ አርባ አለ፣ ሙት ዓመት አለ። ለቀስተኛው ቀኑን ቆጥሮ ይመለሳል። በ2017 የግሬንፌል ሕንፃ ተቃጥሎ 72 ሰው ሲያልቅ ከሟቾቹ መካከል የኛ ልጆችም ነበሩ። ያኔ ለሟች ቤተሰቦች የፖሊስ አገናኞች ተመድበዋል። ከፖሊስ የሚመጣው ሰው መረጃውን፣ ዕድርና ጎረቤት ደግሞ ማጽናናቱን ይይዛል፤ አንዱ የሌላውን ቦታ አይሸፍንም።

ለዚህ ነው ይህን ሁሉ የጻፍኩት። እግዜር አያድርገውና ከወገኖቻችን አንዱ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ቢደርስ፣ ብዙው ሰው «ፖሊስ አታስቸግሩ» ብሎ ዝም ይላል። ዝም አትበሉ። እንግሊዝ ያላችሁ እነዚህን ጠይቁ፦

አገናኛችሁ ማን እንደሆነ፣ ስልኩን፣ እሱ በማይኖርበት ጊዜ ማን እንደሚተካው በጽሑፍ ይሰጣችሁ። አስተርጓሚ ፖሊስ ያምጣ፤ የአሥር ዓመት ልጃችሁን የአባቱን አሟሟት አታስተርጉሙት። ጥፋተኛው በጥቃት ወንጀል 12 ወር ወይም ከዚያ በላይ ከተፈረደበት፣ መቼ እንደሚፈታና በምን ገደብ እንደሚፈታ የሚያሳውቃችሁ በፕሮቤሽን መሥሪያ ቤት በኩል ያለ የተበዳዮች ግንኙነት አገልግሎት አለ። እሱ ግን እናንተ «እፈልጋለሁ» ስትሉ ነው፤ ቤት ስትቀይሩም አዲሱን አድራሻ ካልነገራችሁ ደብዳቤው የድሮው ቤት በር ሥር ይቀራል። አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ ስቴታችሁ ውስጥ ቫይን መኖሩን አጣርታችሁ ተመዝገቡ።

በተረፈ፣ እንዲህ ያለ ጉዳይ ያያችሁ፣ በፍርድ ቤት አስተርጓሚነት የሠራችሁ ወይም ራሳችሁ ፖሊስ የሆናችሁ ካላችሁ በየአገራችሁ ያለውን አሠራር ከሥር ጻፉልን፤ ያላወቀው ያንብብ። የማንንም ቤተሰብ ስም ግን እባካችሁ አታንሱ።

በሉ፣ ሰላም እደሩ።