ቁስል በስንት ይለካል? ከሴሎፎን እስከ ሞባይል



እዚህ ፔካ 12 በምናስተምረው የማታ ክፍል አንድ ተማሪ አለን፤ እግሩ ላይ ለወራት ያልዳነ ቁስል ነበረበት። ፋሻው በተፈታ ቁጥር የሚያየው ሰው ሌላ ነው። አንዱ «እየጠበበ ነው» ይለዋል፣ ሌላው «ሰፍቷል እኮ!» ይለዋል። ካርዱ ላይ ያለው ግን «የእግር ቁስል» የሚል ብቻ ነው። ባለፈው ወር ስንት ነበር ብንል መልስ የለም። እኛም ሐኪሞች ባንሆንም፣ ሰው ቁስልን መለካት መቼ ጀመረ ብለን ማገላበጥ ያዝን።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ ፈረንሳይ አገር ኮምፒየኝ በነበረ ሆስፒታል፣ ሐኪሙ አሌክሲስ ካሬልና ተመራማሪው ፒየር ለኮንት ዱ ኑዊ የወታደሮችን ቁስል ይለኩ ነበር። ብርሃን የሚያሳልፍ ሴሎፎን ቁስሉ ላይ አድርገው ጠርዙን ይከተላሉ። ከዚያ ወደ ወረቀት ገልብጠው ፕላኒሜትር በሚባል መሣሪያ ስፋቱን ያነባሉ። ይህ መሣሪያ ጫፉ በመስመሩ ላይ ሲዞር በውስጡ ያለውን ስፋት ይናገራል። ለኮንት ዱ ኑዊ እ.ኤ.አ. በ1916 ባሳተመው ሥራ፣ ንጹሕ ቁስል የሚጠብበት ፍጥነት በቀመር ሊተነበይ እንደሚችል አሳየ። ቁስሉ ከቀመሩ ወደኋላ ከቀረ አንድ ነገር አለ ማለት ነው፤ ለምሳሌ ኢንፌክሽን። ሒሳብ ምን ይሠራልናል ለምትሉ ተማሪዎች ይህችን ያዙልን።

ወደ አገራችን ስንመጣ፣ አዲስ አበባ ዘነበወርቅ ያለው አለርት እ.ኤ.አ. በ1965 የተቋቋመው ለሥጋ ደዌ ሕክምናና ሥልጠና ነበር። ሥጋ ደዌ ነርቭን ሲጎዳ እግር አይሰማም። ቁስሉ ስለማያም ባለቤቱ ራሱ ስለ ቁስሉ መመስከር አይችልም። ህንድ አገር ቬሎር ሲሠራ የቆየው ሐኪም ፖል ብራንድ፣ ኋላ አሜሪካ ካርቪል ሄዶ ሙቀትን በሚያሳይ ካሜራ እንዲህ ያለውን እግር ይመረምር ነበር። ብዙ ጫና ያረፈበት ቦታ ገና ሳይቆስል ሞቆ ይታያል።

ብዙ ቦታ ዛሬም የሚሠራበት ማስመሪያ ነው፤ ርዝመት በወርድ። 4 ሴንቲሜትር በ3 ሲባዛ 12 ይሆናል። ቁስል ግን አራት ማዕዘን አይደለም። ሞላላ ከሆነ እውነተኛው ስፋት 9.4 ካሬ ሴንቲሜትር ገደማ ነው። የዛሬው የሞባይል ፕሮግራም ጠርዙን ይለይና በውስጡ ያሉትን የፎቶ ነጥቦች ይቆጥራል። አጠገቡ ልኩ የታወቀ ነገር ከሌለ ግን ነጥቡ ስንት ሴንቲሜትር እንደሆነ በምን ያውቃል? ሞባይሉ ካዘነበለም ቁስሉ ያነሰ ይመስላል። ደግሞ ብዙዎቹ ፕሮግራሞች የተማሩት በነጭ ቆዳ ፎቶ ነው፤ በእኛ ቆዳ ላይ መቅላት እንደዚያ አይታይም።

እኛ ፕሮግራሙ የለንም። ተማሪያችንን አስፈቅደን፣ ቁስሉን ሳንነካ ማስመሪያ አጠገቡ ይዘን በየሳምንቱ ከላይ ቀጥ አድርገን ፎቶ አነሳነው። የፎቶው አንድ ሴንቲሜትር ከእውነተኛው እኩል እስኪሆን ስክሪኑ ላይ አስፍተን፣ ጠርዙን በላስቲክ ገልብጠን፣ በባለ ካሬ ደብተር ቆጠርን። መጀመሪያ 38 ካሬ ነበር፤ ከአራት ሳምንት በኋላ 31።

እ.ኤ.አ. በ2003 በወጣ ጥናት፣ የስኳር ሕመምተኛ የእግር ቁስል በአራት ሳምንት ውስጥ ወደ ግማሽ ካልቀነሰ በ12 ሳምንት የመዳን ዕድሉ አነስተኛ ነው። ተማሪያችን ስኳር ይኑርበት አይኑርበት ማንም አልመረመረውም ነበር። አምስቱን ወረቀት ይዞ ሄደ። ሐኪሙ ጎን ለጎን ደርድሮ አያቸውና የስኳር ምርመራ አዘዘለት።