ወደ ወርቅ የሮጡ ሰዎች

የእህቴ ልጅ ከቨርጂኒያ የደወለልኝ እ.ኤ.አ. ማርች 13 ቀን 2020 ማለዳ ነው፤ እሱ ዘንድ ገና የ12 ሌሊት ነበር። ሰሞኑ የኮሮና ነው። በዚያች ዕለት የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ከ1987 ወዲህ ያልታየ አወዳደቅ ወድቋል፤ ልጁ ለጡረታው ያጠራቀመው ገንዘብም እዚያው ውስጥ ነው። «ጋሼ፣ ሁሉንም ሸጬ ወርቅ ልግዛ ወይስ ቢትኮይን?» አለኝ። ለድሮ የሥነ ጽሑፍ መምህር የሚቀርብ ጥያቄ አይደለም። እኔም እንደ ልማዴ በታሪክ መለስኩለት።

በ1933 መጀመሪያ አሜሪካ ውስጥ ባንኮች በላይ በላዩ ሲዘጉ፣ የፈራ ሁሉ ገንዘቡን በወርቅ እየለወጠ ቤቱ ይደብቅ ነበር። የወርቅ ዋጋ ያን ጊዜ በመንግሥት የተቆረጠ ነው፤ አውንሱ 20 ዶላር ከ67 ሳንቲም። ኤፕሪል 5 ቀን ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ትእዛዝ አወጡ፤ የወርቅ ሳንቲም፣ ጥፍጥፍ ወርቅና የወርቅ ሰርተፊኬት ያለው ሰው እስከ ሜይ 1 ለባንክ ያስረክብ ተባለ። እምቢ ላለ እስከ 10,000 ዶላር መቀጮና እስከ 10 ዓመት እስራት ይጠብቀዋል። ለአንድ ሰው የተተወለት የ100 ዶላር የወርቅ ሳንቲም ብቻ ነው። በጃንዋሪ 1934 ደግሞ ያው አውንስ 35 ዶላር ተባለ። ታዛዡ ዜጋ በ20 አስረከበ፣ መንግሥት በ35 ቆጠረው ማለት ነው። አሜሪካውያን ጥፍጥፍ ወርቅ እንደ ልባቸው መያዝ የተፈቀደላቸው በ1974 መጨረሻ ነው፤ አርባ ዓመት ሙሉ!

ትእዛዙ ያልነካው ጌጥን ነው። የጋብቻ ቀለበትና የአንገት ሐብል ከቤት አልወጡም። ወርቋን አንገቷ ላይ የምታኖር የፒያሳ ወርቅ ቤቶች ደንበኛ ይህን ብትሰማ አይደንቃትም።

ቢትኮይን የተወለደውም ከእንዲህ ዓይነቱ ፍርሃት ነው። ጃንዋሪ 3 ቀን 2009 የመጀመሪያው መዝገቡ ሲከፈት፣ የዕለቱ የለንደን ጋዜጣ ርዕስ ውስጡ ሰፈረበት፤ የእንግሊዝ መንግሥት ባንኮችን ለሁለተኛ ጊዜ ሊታደግ ጫፍ መድረሱን የሚናገር ርዕስ። ይህቺን ነገር እወዳታለሁ። አባቶቻችን የርስትና የጉልት ውላቸውን በወንጌል ኅዳግ ያስጽፉ የነበረው ለምን ሆነና? ማንም ደፍሮ እንዳይፍቀው ነው። የቢትኮይን መዝገብም ማንም ብቻውን እንዳይፍቀው በሺህ ኮምፒውተሮች ተባዝቶ ይቀመጣል።

ግን የማይፋቅ መዝገብና የማይወድቅ ዋጋ ለየቅል ናቸው። በዚያች ማርች 12 ቢትኮይን ከ7,900 ዶላር አካባቢ ወደ 5,000 አሽቆለቆለ። ወርቁስ? እሱም በአሥር ቀን ውስጥ ከ1,680 ገደማ ከ1,500 በታች ወረደ። ተበድሮ አክሲዮን የገዛ ሰው አበዳሪው ሲያፋጥጠው የሚሸጠው የጠላውን ሳይሆን ገዢ ያለውን ነዋ! መንገዳቸው የተለያየው ኋላ ነው። በ2022 የአሜሪካ አክሲዮኖች አንድ አምስተኛ ያህል ሲወድቁ፣ ከዓመት በፊት 69,000 ዶላር ገደማ ደርሶ የነበረው ቢትኮይን 16,000 አካባቢ ተገኘ፤ ወርቅ ግን ዓመቱን በጀመረበት ዋጋ አካባቢ ዘጋ። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ በዚያ ዓመት ቢትኮይን የአክሲዮን ታናሽ ወንድም እንጂ የወርቅ ዘመድ አልነበረም።

በዚያ ማለዳ ግን ይህን ሁሉ የት አውቄ? «ዝም ብለህ ተኛ» አልኩት። ተኛ፤ አልሸጠም። ኦገስት ላይ ወርቅ በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ 2,000 ዶላር ሲያልፍ ስልኬ ጮኸ።

«ጋሼ፣ አሁንስ ልግዛ?»