ድንክ አልጋው የት ሄደ?

የታሪክ አስተማሪ የነበረ ሰው ብዕር ሲያነሣ ስለ አድዋ ወይም ስለ መቅደላ ሊጽፍ ነው ብለው ጠብቀው ከሆነ ለዛሬ ይታገሡኝ። የዛሬው ጉዳዬ ሳሎን ውስጥ ግድግዳ ተጠግቶ የሚቀመጥ፣ ቀን እንግዳ የሚያስተናግድ፣ ማታ ልጅ የሚያስተኛ ዕቃ ነው። ድንክ አልጋ።

ምክንያቱም ይህ ነው። በዚህ በቶሮንቶ ከተማ በክዊን ስትሪት ኢስት በኩል ያለፈ ሰው ያገለገለ የቤት ዕቃ የሚሸጥባቸውን ሱቆች ሳያይ አይቀርም። በመስኮታቸው ከሚደረደረው ብዙው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ እስከ 1970 ገደማ የተሠራ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ፈረንጆቹ «ሚድ ሴንቸሪ ሞደርን» ይሉታል፤ የምዕተ ዓመቱ አጋማሽ ዘመናዊ ዕቃ ማለት ነው። እግሩ ቀጭን፣ ወደ ታች እየሾለ የሚሄድ፤ እንጨቱ ያለ ቅርጻ ቅርጽ እርቃኑን የቀረ፤ ትራሱ የሚነሣ። ሰብሳቢዎች አጥብቀው ከሚፈልጉት አንዱ «ዴይቤድ» የሚሉት ነው። ይህን ዕቃ ታክሲህ ውስጥ ካልጫንክ ብለው የተከራከሩኝ ተሳፋሪዎች አጋጥመውኛል። አይገባም፤ ርዝመቱ የሰው ቁመት ነው። ዋጋውን ግን ሰምቻለሁ፤ ከሁለት ሳምንት ገቢዬ ይበልጣል።

አንዲት ያገሬ ልጅ መስኮቱ ሥር ቆማ «ይኼማ የእኛው ድንክ አልጋ ነው!» ስትል ሰምቻለሁ። ልክ ነች ወይ? እስቲ አብረን እንመልከተው።

«አልጋ» በአማርኛ ከመኝታ በላይ ነው። አልጋ መንግሥት ነው። አልጋ ወራሽ ስንል ዘውድ የሚወርሰውን ማለታችን እንጂ ከአያቱ መኝታ የሚደርሰውን ማለታችን አይደለም። «አልጋው ጸና»፣ «ከአልጋው ወረደ» እንላለን። ይህም እንዲያው የንግግር ማሳመሪያ አይደለም፤ ንጉሡ በእርግጥ ይቀመጡ የነበረው አልጋ ላይ ነው። ምንጣፍ የተነጠፈበት፣ መከዳ የተደረደረበት ሰፊ አልጋ፤ እግር አጣጥፎ መቀመጥም ጋደም ማለትም የሚቻልበት። በ1841 የእንግሊዝ መልእክተኛ ሆኖ ሸዋ የመጣው ዊልያም ኮርንዋሊስ ሐሪስ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ጋደም ብለው እንደተቀበሉት ጽፏል። የአውሮፓ ንጉሥ ጀርባውን አቅንቶ ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ የእኛ ግን ቀኑን ሙሉ ፍርድ የሚሰማ ሰው ነውና ክንዱን የሚያሳርፍበት ያስፈልገዋል። በ1930 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ ሲጭኑ የተቀመጡበት ባለ ረጅም መደገፊያ ዙፋን የአውሮፓውን ቅርጽ የያዘ ነበር። ቃሉ ግን ከቦታው አልተነቃነቀም፤ ልጃቸው አልጋ ወራሽ ተባሉ እንጂ «ወንበር ወራሽ» አልተባሉም።

በተራው ሰው ቤት ደግሞ መደብ ነበር። ከድንጋይና ከጭቃ ከግድግዳው ጋር ተያይዞ ይሠራል፤ ቁርበት ወይም ጀንዲ ይነጠፍበታል፤ ቀን መቀመጫ፣ ማታ መኝታ። ትንሽ ጥሪት ሲገኝ ጠፍር አልጋ ይመጣል። አራት እግር፣ አራት አግዳሚ እንጨት፣ በመካከሉ ከከብት ቆዳ የተተለተለ ጠፍር። ጠፍሩ ውኃ ውስጥ ተነክሮ ገና እርጥብ ሳለ ይወጠራል፤ ሲደርቅ እንደ ከበሮ ይጠብቃል። ዓመታት አልፈው ሲላላ እንደገና ይወጠራል። አናጢው እግሩን በስቶ አግዳሚውን ይሰካል፤ ሚስማር የለ፣ ብረት የለ። ልጆች ሆነን የዘለልንበት ይኸው ነው።

አሁን ወደ ፈረንጆቹ እንሻገር። እኔ ተሳፋሪ የምጠብቀው ብዙ ጊዜ ኪንግና ቤይ መንገዶች የሚገናኙበት አካባቢ ነው። እዚያ ያሉትን ጥቁር የቲዲ ሴንተር ሕንጻዎች የማያውቅ የቶሮንቶ ነዋሪ የለም። የነደፋቸው ጀርመን የተወለደው ሚስ ቫን ደር ሮኸ ነው፤ የመጀመሪያው ባለ 56 ፎቅ ሕንጻ የተጠናቀቀው በ1967 ነው። ይኸው ሰው በ1929 በባርሴሎና ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ላይ ለአገሩ የሠራውን አዳራሽ የስፔን ንጉሥና ንግሥት ሲጎበኙ ይቀመጡበት ይሆናል ብሎ፣ ከሥራ ባልደረባው ከሊሊ ራይሽ ጋር አንድ ወንበር ነደፈ። እግሩ የተጠላለፈ ብረት ነው፤ ትራሱን የሚሸከመው ደግሞ የቆዳ ጠፍር። በሚቀጥለው ዓመት የዚያው ወንድም የሆነ ድንክ አልጋ ተከተለ። እስቲ ልብ ይበሉ፤ ለንጉሥ የታሰበ መቀመጫ፣ በጠፍር ላይ!

ከእኛ ተማረ አልልም። እንዲህ ያለ ወሬ የሚወዱ ሰዎች በየድግሱ ስላሉ ከነሱ ጋር እንዳይቆጥሩኝ። የጥያቄው አንድነት ነው መልሱን ያቀራረበው፦ በጥቂት ዕቃ፣ በትንሽ ክብደት፣ የሰውን ገላ ሳይቆረቁሩ መሸከም። በጦርነቱ ዘመን ይህ ጥያቄ ይበልጥ ጠነከረ። የኮፐንሐገኑ ተወላጅ የንስ ሪሶም አሜሪካ ውስጥ ለኖል ኩባንያ ወንበር ሲነድፍ ጥሩ ጨርቅና ስፕሪንግ በጦርነቱ ምክንያት አልተገኘም፤ ለፓራሹት ተሠርቶ የተጣለውን ማሰሪያ እንደ ጠፍር ጠልፎ ተጠቀመበት። እዚሁ ካናዳ ደግሞ በጦርነቱ ጊዜ በአየር ኃይል ያገለገለውና በሞንትሪያል ማክጊል ዩኒቨርሲቲ ሥነ ሕንጻ የተማረው ዣክ ጊዮን በ1950ዎቹ መጀመሪያ በናይለን የፓራሹት ገመድ የተወጠረ ወንበር አወጣ። ዛሬ የካናዳ ዲዛይን ታሪክ ሲነሣ ይህ ወንበር ሳይጠቀስ አይታለፍም። የሞንትሪያል ሜትሮ ባቡሮችን የነደፈውም የዚሁ ሰው ቢሮ ነው። ሥዕሉን ካገኙ ይዩት፤ የደሴ ገበያ ላይ ቢቀመጥ ማንም ዞር ብሎ አያየውም፤ ሁሉም ያውቀዋልና።

ከሁሉ የበዛው ግን ከዴንማርክ የመጣው ነው። ሐንስ ቬግነርና ፊን ዩል የመሳሰሉ ነዳፊዎች ከደቡብ ምሥራቅ እስያ በሚመጣው ቲክ በሚባል እንጨት ሠሩ፤ ዕቃው ተፈታትቶ በሳጥን ሊጫን ይችል ስለነበረም ውቅያኖሱን በርካሽ ተሻገረ። ቬግነር በ1950ዎቹ ጌታማ ለተባለ ፋብሪካ የነደፈው ድንክ አልጋ መደገፊያው ወደ ላይ ሲነሣ ለመኝታ ይሰፋል፤ ቀን ሶፋ፣ ማታ አልጋ። በጋራዥ ሴል ወይም በቫልዩ ቪሌጅ እንዲህ ያለ ነገር ካዩ ገልብጠው ሥሩን ይመልከቱ። የዴንማርክ የዕቃ ሠሪዎች ቁጥጥር ክብ ምልክት ወይም የፋብሪካው ስም የታተመበት ከሆነ ዋጋው ሌላ ነው። ትራሱ ሥር ያለው የጎማ ጠፍር ደርቆ ተሰነጣጥቆ ከሆነ አይደንግጡ፤ ፒሬሊ የሚሉት ነው፣ ዕድሜው አጭር ነው፣ ይተካል። የእኛ ቆዳ በዚህ ይበልጠዋል። የብራዚል ሮዝውድ የተባለው ጠቆር ያለ እንጨት ከሆነ ግን ከአገር ወደ አገር ከማሻገርዎ በፊት ይጠይቁ፤ ከ1992 ጀምሮ ንግዱ በዓለም አቀፍ ስምምነት ተከልክሏል።

አዲስ አበባስ በዚያ ዘመን ምን ላይ ነበረች? ተኝታ አልነበረም። በ1954 ከስዊድን ጋር በመተባበር የሕንጻ ኮሌጅ ተከፍቷል። ሚካኤል ቴድሮስ ከእስራኤላዊው ዛልማን ኤናቭ ጋር፣ ፈረንሳዊው አንሪ ሾሜት ደግሞ በበኩሉ ከተማዋን በአዲስ መልክ ይሠሩ ነበር። ከሁሉ በላይ ግን አፍሪካ አዳራሽን ይመልከቱ። በወጣትነቱ አሥመራ ገብቶ ሥራውን እዚያ የጀመረው ጣልያናዊ አርቱሮ ሜዜዲሚ ነደፈው፤ በአንድ ዓመት ተኩል ገደማ ተሠርቶ ጥር 29 ቀን 1953 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ መረቁት። አፈወርቅ ተክሌ 150 ካሬ ሜትር የሚሆነውን የመስታወት ሥዕል አኖሩበት፤ በ1963 የአፍሪካ አንድነት ድርጅት እዚያ ተመሠረተ። ይህን ሁሉ ያውቃሉ። ያላስተዋሉት ምናልባት ወንበሩን ነው። የውስጡ ዕቃ ከሕንጻው ጋር አብሮ የታሰበ ነበር፤ መስመሩ ቀጭን፣ ጌጡ ጥቂት፣ እዚህ በውድ ከሚሸጠው ጋር የአንድ ዘመን ልጅ። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ2015 ለአዳራሹ እድሳት 56.9 ሚሊዮን ዶላር ፈቅዶ ሥራው በጥቅምት 2024 ተጠናቆ ሲከፈት፣ የድሮው ዕቃ ተጥሎ በአዲስ አልተተካም፤ ተጠግኖ ወደ ቦታው ተመለሰ።

የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤትም የሜዜዲሚ ሥራ ነው፤ ከቶሮንቶው ማዘጋጃ ቤት ጋር እኩያሞች ናቸው፤ ሁለቱም በ1960ዎቹ አጋማሽ የቆሙ። የቶሮንቶውን የነደፈው ፊንላንዳዊው ቪልዮ ሬቬል በ1964 ሞተ፤ በሴፕቴምበር 1965 ሲመረቅ አላየውም። እዚያም ስለ ወንበርና ጠረጴዛው ብዙ ክርክር ነበር፤ በውድድር ኖል አሸነፈ። ወንበር ቀላል ነገር የሚመስለው ሰው የከተማ ምክር ቤት ስለ ወንበር ሲከራከር አልሰማም።

ከትልልቆቹ ሕንጻዎች ወደ ሳሎናችን እንውረድ። የእንጨት ሥራ ቃሎቻችን ታሪኩን ይነግሩናል፦ ኮመዲኖ፣ ኮምፔርሳቶ፣ ካቻቢቴ፤ ሁሉም ከጣልያን አናጢዎች የቀሩ ናቸው። ከነሱ ሥር የሠለጠኑት ያገራችን አናጢዎች በመሥሪያ ቤትና በሆቴል ያዩትን አዲስ ቅርጽ ይዘው፣ እኔ እንደማምነው፣ በዋንዛ ሠሩት። ድንክ አልጋው የመደብ ሥራ፣ የጠፍር አልጋ አጥንት፣ የ1960ዎቹ ቀጭን እግር ያለው ሆኖ የተወለደው እንዲህ ነው። ዳንቴል ለበሰ፣ መከዳ ተደገፈ፣ ሬዲዮኑ አጠገብ ተቀመጠ። ስለዚህ ያቺ ያገሬ ልጅ ግማሹን ልክ ነበረች፤ የዴንማርኩ የእኛ አይደለም፣ የእኛም የዴንማርክ ቅጂ አይደለም።

ታዲያ የት ሄደ? በሐምሌ 1967 ዓ.ም. ትርፍ ቤቶች ሲወረሱ ብዙ ቤተሰብ ወደ ጠባብ ቤት ገባ፤ ዕቃውም ተሸጠ፣ ተሰጠ፣ ተበተነ። ከዚያ ስፖንጁ ሶፋ መጣ፤ በኋላም ላስቲኩ ሳይወልቅ ዓመት የሚቀመጠው ትልቁ ሶፋ። ቆራሌው በየበሩ ጮኸ፤ የዋንዛው አልጋ በጥቂት ብር ወጥቶ ምናለሽ ተራ ገባ፣ ወይ ተፈለጠ። መልሶ ማሠራትም እንደ ድሮው አይደለም። በ1994 የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛን፣ ዝግባን፣ ጥድንና ኮሶን ከመንግሥት ደን መቁረጥ ከልክሏል፤ ልክ የብራዚሉ እንጨት እንደተከለከለ ሁሉ፣ ያለውም ምክንያት ያው ነው። በ2024 ደግሞ በኮሪደር ልማቱ ፒያሳና ካዛንቺስ ውስጥ የቆዩ ሰፈሮች ሲፈርሱ፣ ነዋሪው በጥቂት ቀን ውስጥ ዕቃውን ጭኖ ሲወጣ፣ ከኮንዶሚኒየም ደረጃ የማይወጣ ከባድ ዕቃ ምን ይሆናል? እርስዎም ይገምቱታል።

እኔን የሚቆረቁረኝ ዋጋው አይደለም። እዚህ ሰው የሚከፍለው ከወንበሩ ሥር ላለው ስም ነው። የእኛ አናጢ ስሙን አልጻፈም። ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣው ባለ ሦስት እግሩ የጅማ በርጩማ በፈረንጅ ሱቅ «የኢትዮጵያ ሥራ» ተብሎ ይሸጣል፤ ማን ሠራው ብሎ የሚጠይቅ የለም። የቬግነር ሕይወት በመጻሕፍት ተጽፏል፤ የፒያሳና የደሴ አናጢዎች በሕይወት ባሉ አዛውንት ራስ ውስጥ ብቻ ነው ያሉት። ስለዚህ አገር ቤት ሲደውሉ አንድ ጥያቄ ጨምሩልኝ፦ አልጋውን ማን ሠራው? የትኛው ሰፈር ነበር ሱቁ? ስንት ተከፈለበት? የድሮ ፎቶግራፍም ካለዎት ከሰዎቹ ኋላ ያለውን ዕቃ ይመልከቱ፤ ሙሽሮቹ የተቀመጡበት እሱ ሊሆን ይችላል።

እኔ ጠይቄ ነበር። ደሴ እናቴ ቤት ያለው ድንክ አልጋ ከአያቶቼ የወረደ ነው፤ እህቴን ገልብጠሽ ሥሩን እይልኝ አልኳት። በስልኳ መብራት አየች። የአናጢው ስም የለም። አግዳሚው ላይ ግን በእርሳስ፣ ሳይጠፋ፣ ሦስት የልኬት ቁጥሮች ተጽፈዋል፤ ከሥራቸውም «ቀሪ 8 ብር» ይላል። እናቴ ከጓዳ ሆና ሰምታ «ተከፍሏል!» አለች።