የቴሌቪዥን ፕሮግራም ባለቤትነትና የመሥሪያ ቤቶች ውል

የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ወሎ ሰፈርን ጨምሮ በቦሌ አካባቢ በሚገኙ የግል ስቱዲዮዎች ለሚያሠሯቸው ዘጋቢ ፊልሞችና የቴሌቪዥን ፕሮግራሞች የመብት ባለቤቱ ማን እንደሆነ በቅድሚያ የሚታየው በተፈረመው ውል ነው። ውሉ ዝም ካለ ጥያቄው ወደ ቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ይመለሳል።

ከአዋጁ በፊት ጉዳዩ የሚዳኘው በ1952 ዓ.ም በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነበር። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥርጭት የጀመረው በ1957 ዓ.ም በመሆኑ ያ ሕግ ሲወጣ በአገሪቱ የቴሌቪዥን ጣቢያ አልነበረም።

አዋጁ በመርህ ደረጃ የኢኮኖሚ መብትን ለሥራው አመንጪ ይሰጣል። በቅጥር ወይም በትዕዛዝ የተሠራ ሥራ ግን፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ የአሠሪው ወይም የአዛዡ ይሆናል። የኦዲዮቪዥዋል ሥራን በተመለከተ ደግሞ መብቱ የፕሮዲዩሰሩ፣ ማለትም ሥራውን በራሱ አነሳሽነትና ኃላፊነት ያስገኘው ሰው ነው። አስቸጋሪው ይህ ነው። ገንዘቡን የከፈለው መሥሪያ ቤት የመጀመሪያውን ድንጋጌ፣ ካሜራ ያሰማራውና ባለሙያ የቀጠረው ስቱዲዮ ሁለተኛውን ሊጠቅሱ ይችላሉ። ሐሳቡን ያመነጨው መሥሪያ ቤቱ ነው የሚለው መከራከሪያም ብዙ አያራምድም፤ ሐሳብ ብቻውን በአዋጁ ጥበቃ አያገኝም። ሁለቱም ድንጋጌዎች ለተለየ ስምምነት በር ክፍት በማድረጋቸው ክርክሩን አስቀድሞ ለማስቀረት በውሉ ውስጥ አንድ ግልጽ አንቀጽ ይበቃል።

በርክክብ ቀንና በክፍያ ላይ ብቻ ያተኮረ ውል ያልተቀናበረው ምስል የማን እንደሆነ፣ ፕሮግራሙ በድጋሚ ወይም በኢንተርኔት መሠራጨት ይችል እንደሆነ፣ ወደ ሌላ ቋንቋ የመተርጎም ፈቃድ ከማን እንደሚገኝ አይመልስም። በፊልሙ ውስጥ የገባው ዘፈንም አብሮ አይተላለፍም፤ ቀድሞ የነበረ ሥራ ባለቤት ከፊልሙ ተነጥሎ ሊሠራበት በሚችለው መጠን መብቱን እንደያዘ ይቆያል።

ጣቢያው ፕሮግራሙን ስላሰራጨ ብቻ ባለቤት አይሆንም። የአየር ሰዓት ገዝቶ የሚያቀርብ አዘጋጅ በዚህ ምክንያት ብቻ መብቱን አያጣም። ጣቢያው በራሱ ሥርጭት ላይ ለ20 ዓመት የሚቆይ ተዛማጅ መብት ያለው ሲሆን፣ ይህም ሌላ ወገን ሥርጭቱን ቀድቶ ወይም ተቀብሎ በድጋሚ እንዳያሰራጭ ለመከልከል ያስችለዋል።

የኢኮኖሚ መብትን ማስተላለፍ የሚቻለው በጽሑፍ ነው። የቃል ፈቃድ ወይም የክፍያ ደረሰኝ ይህን አይተካም። የሞራል መብት ግን ከዚህ የተለየ ነው፤ ሙሉ የኢኮኖሚ መብት የተረከበ የሕዝብ ግንኙነት ክፍል እንኳ ፊልሙን ሲያሳጥር የደራሲውን ስም ቢያወጣ ወይም ይዘቱን ክብሩን በሚነካ መንገድ ቢያዛባ በሕግ ሊጠየቅ ይችላል።