ብርሃን የማያሳልፍ ሳጥን

እንግሊዛዊው ዊልያም ሄንሪ ፎክስ ታልቦት እ.ኤ.አ. በ1835 በሌኮክ የመኖሪያ ቤቱን መስኮት ፎቶ ያነሳው መዳፍ ላይ በምትቀመጥ የእንጨት ሳጥን ነበር። ባለቤቱ ኮንስታንስ ትንንሾቹ ሳጥኖች በየቦታው ተቀምጠው ስታይ «የአይጥ ወጥመድ» ትላቸው ነበር።

የእንጨቱ ዓይነት ዋና ጉዳይ የሆነው ሳጥኑ ሁለት ሲሆን ነው። በ1839 አልፎንስ ዢሩ በፓሪስ ለገበያ ያቀረበው የፈረንሳዊው የፎቶግራፍ ፈልሳፊ የዳጌር ካሜራ ምስሉን የሚያጠራው አንዱ ሳጥን በሌላው ውስጥ እየተንሸራተተ ነበር። እንጨት ደግሞ ከደረቀ በኋላም አያርፍም፤ ርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ካበጠ ሳጥኑ አይንሸራተትም፤ ከተኮማተረ ወይም ከተጣመመ በክፍተቱ የገባች ጥቂት ብርሃን ምስሉን ታበላሻለች።

መልሱን ቀድመው የያዙት የቤት ዕቃ አናጢዎች ነበሩ። ከ1720ዎቹ ጀምሮ ከካሪቢያንና ከመካከለኛው አሜሪካ ወደ እንግሊዝ በብዛት የገባውን የማሆጋኒ እንጨት ጠባይ አውቀውታል። የሆንዱራስ ማሆጋኒ ከእርጥብነት ፈጽሞ እስኪደርቅ ድረስ በወርዱ የሚኮማተረው ቢበዛ 4 በመቶ ያህል ነው፤ ቀይ ኦክ ግን ከ8 በመቶ ያልፋል። ማሆጋኒ መላጊያም አያስቸግርም፣ ቀጭን መጋጠሚያም ይይዛል። ካሜራ ሠሪዎች የተከተሉት ውበቱን ብቻ ነው ማለት ሙያቸውን ማሳነስ ነው።

በህንድ ሙቀት ግን ማሆጋኒም አልበቃም። ከእንስሳት ቆዳና አጥንት የሚቀቀለው ሙጫ በሙቀትና በርጥበት ይለቃል፣ ምስጥም አለ። ስለዚህ ለሞቃት አገር የሚሠሩት ካሜራዎች ቅባት ካለው ቲክ ተበጁ፣ ማዕዘኖቻቸውም በናስ ታሰሩ። ዛሬ ሰብሳቢዎች እንደ ጌጥ የሚያደንቁት ያ ናስ ሥራው ሙጫው ቢከዳ ሳጥኑን አጥብቆ መያዝ ነበር።

በ1920ዎቹ በቺካጎ የተነሡት ካሜራ ሠሪዎች ዲርዶርፎች የመጀመሪያ ካሜራዎቻቸውን የሠሩት የመጠጥ ክልከላ ከዘጋቸው ቡና ቤቶች በተነቀለ የማሆጋኒ ባንኮኒ እንደሆነ ይነገራል። ታሪኩ ለሙያው ይስማማል፤ ለዓመታት በቤት ውስጥ የቆየ እንጨት ድርቀቱን ጨርሷልና።

ሰፊ ቅጠል ያለው ማሆጋኒ ከ2003 ጀምሮ በዓለም አቀፍ ንግድ ቁጥጥር ሥር ነው። በ2014 በብራይተን የተጀመረው ካሜራ ሠሪ ድርጅት ኢንትረፒድ ካሜራውን የሠራው ከበርች ኮምፔንሳቶ ነው። በቤቱ ለሚሠራ ሰውም ይህ ጥሩ ምርጫ ነው፤ ስስ ንብርብሮቹ ቃጫቸው እርስ በርስ እየተሻገረ ስለሚጣበቁ አንዱ ሲኮማተር ሌላው ይይዘዋል። የሚቀረው መጋጠሚያውን ማጥበቅና ውስጡን በማያብረቀርቅ ጥቁር ቀለም መቀባት ነው።